ሦስት ሌሊት ከኤሊው ጋር

የመጣው ሰኞ ነው፣ በወተት ጋሪ ተጭኖ፣
በእርጥብ ጆንያ ታስሮ፣ በጭድ ተሸፍኖ።
እኔ የታረደ በግ መስሎኝ ነበረ፤
ጭዱ ከፍ ዝቅ ሲል ልቤ ተሸበረ።
"ታምሲን፣ ገንዳሽን ልቀቂ፣ እንግዳ ነው" አለችኝ
ወይዘሮ ክራዶክ፣ በጭልፋዋ እያሳየችኝ።
"ልዑሉ ዓርብ ይገባል፤ ሾርባው የሱ ድርሻ፤
እስከ ሐሙስ ካልኖረ፣ ያንቺም ነው መጨረሻ።"

ቤቱ ያን ሳምንት ሙሉ ጤናም አልነበረው።
እመቤቲቱ የሳሎኑን መጋረጃ ሦስቴ ቀየረችው፤
ልዑሉን ቢቸግረው ብለው፣ ምናልባት ድንገት፣
በሸክላ አበባ ያጌጠ አዲስ መጸዳጃ ቤት
አናጺና ቧንቧ ሠሪ ሌት ተቀን ለፉበት።
(እስከ ዛሬ እንከራከራለን፤ ገባበት? አልገባበት?)
አትክልተኛው ፕሩዌት፣ በመስታወት ቤቱ፣
እንጆሪ በየካቲት ካላፈራ ሞቱ፤
ከለንደን የተከራዩት ሙሴ ባርቦ ደግሞ
ስኳር እንደ ሐር ፈትሎ፣ በጣቶቹ ገምዶ፣
ባለ አራት ማማ ግንብ አቁሞልን ነበር።
የሁለት መቶ ቆቅ ላባ ስነጭ ስደክር፣
ላባው አስነጠሰኝ።
አንዱ ማማ ወደቀ።
በፈረንሳይኛ ሰደበኝ፤ ቃሉን አላወቅሁም፤
ትርጉሙን ግን አልሳትኩም።

ሌሊት ሌላ ነው። ሁሉም ወደ መኝታው፣
እኔ ወደ ድስቶቹ፣ መዳቡን ልፈትገው፤
አሸዋና ኮምጣጤ ከጨው ጋር ለውሼ፣
በደማው ጣቴ ላይ እፍ እያልኩ፣ አጎንብሼ።
እሱ ከገንዳው ጥግ አንገቱን ሰብስቧል፤
እኔም ጌቶች ሲያልፉ እንደዚያው ይደርሰኛል፤
ፊት ወደ ግድግዳ፣ ትንፋሽ ሳይሰማ፣
እንደ አሮጌ ቁም ሣጥን፣ እንደ ጠፋ ሻማ።

ወንድሜ በስኳር መርከብ፣ በአሥራ ስድስቱ ሄዶ፣
ቀርቷል ኤሊው ካደገበት ባሕር ወርዶ።
"አይተኸዋል?" አልኩት። "ጠጉሩ ቀይ፣ ከንፈሩ ስንጥቅ፣
ሲስቅ ድዱ የሚታይ፣ ሲቆጣ የሚያስቅ?"
መልስ የለም። ቅጠል ሰጠሁት፣ የተረፈ ሰላጣ።
በሁለተኛው ሌሊት ስጠራው አንገቱ ወጣ፤
በሦስተኛው ሳልጠራው፤ ኮቴዬን ለየ ማለት ነው።
ከዓይኑ ውኃ ይፈስ ነበር። በጣቴ ነክቼ ቀመስኩት፤
ጨው ነው።

ሐሙስ ጎህ ሲቀድ በኋላ እግሮቹ ሰቀሉት፤
ባርቦ ቢላ ይዞ፣ አንገቱን ጠበቁት።
አንድ ሰዓት። ሁለት ሰዓት። ኤሊው ድንጋይ ሆነ።
ውኃው ፈልቶ ነጠፈ፤ ፈረንሳዊው በገነ።
ያኔ ወይዘሮ ክራዶክ፣ ዓይን ዓይኔን ሳታየኝ፣
"ጥሪው" አለች ቀስ ብላ፤ "ላንቺ ያወጣል" አለችኝ።

ጠራሁት።
አንድ ቃል ነው።
"ጃበዝ" ነበር ያልኩት፤
በመጀመሪያው ሌሊት በወንድሜ ስም ነው የሰየምኩት።

ዓርብ ማታ ሾርባው በብር ክዳን ወጣ፣
ማዴይራ ወይን ሸትቶ፣ ወርቅማ ስብ አውጥቶ።
ከወጥ ቤት እስከ ገበታው ሰባ ደረጃ አለ፤
አሽከሩ ሁሉ ሮጠ፣ እንዳይበርድ እየማለ።
የቀረውን የነገረን ፐርኪስ ነው፣ የቤቱ አዛዥ፦
ልዑሉ ሁለቴ ፉት አለ፤ ስለ አንድ ፈረስ አወራ፤
ማንኪያውን አስቀመጠ፤ ሁሉም አስቀመጡ ተራ በተራ፤
ደንብ ነው፤ እሱ ካቆመ የሚበላ አፍ የለም፤
ገበታው ጫፍ ያሉት ከናካቴው አልቀመሱም።

ሠላሳ ስድስት ሳህን ተመለሰ፣ ከነሙላቱ፤
ገንዳዬ ዳግም የኔ ሆነ፣ እስከ ንጋቱ።
ወይዘሮ ክራዶክ አንዱን አሙቃ፣ ዳቦ ቆርሳ፣
"ሦስት ሌሊት አልተኛሽም" ብላ አቀረበችልኝ፣ ቃል ሳትመልስ ቃል ሳታነሣ።

ስለ ጣዕሙ አልዋሽም።
ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ያለ አልቀመስኩም።
እስከ ሳህኑ አበባ ድረስ፣ በዳቦ ጠርጌ ጨረስኩት።
ጨው ጨው ይላል ጥቂት።

ቅርፊቱ ዛሬም አለ፣ ከትልቁ አዳራሽ ተሰቅሎ፣
ዕለቱና የልዑሉ ማዕረግ በወርቅ ቀለም ተጽፎ።
ቅዳሜ ቅዳሜ፣ በተልባ ዘይት፣ የምወለውለው እኔ ነኝ።
ጌቶች ድንገት ቢያልፉ አልደነግጥም፤
ፊቴ አስቀድሞም ወደ ግድግዳው ነው።